ኩሽኔታው እስኪመጣ

ጌጡ ደምሌ ጥንቁቅ ሰው ነው። ንፋስ መውጫ ዋናው መንገድ ዳር ባለችው መድኃኒት ቤቱ የሐኪም ወረቀት ሲሰጡት አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለበሽተኛው ያነባል። «ከምግብ በኋላ ነው ያልሁዎት፤ በባዶ ሆድ እንዳይወስዱት» እያለ ከገጠር የመጣውን ሰው እስከ በሩ ይሸኘዋል። የረሳ ከመሰለውም ተከትሎ ወጥቶ መንገድ ላይ ይደግምለታል። ሰዎች በዚህ ይስቁበታል፤ ያምኑታልም።

የራሱን መድኃኒት ቤት ከመክፈቱ በፊት በስማዳና በታች ጋይንት ጤና ጣቢያዎች ተቀጥሮ ሠርቷል። ሚስቱ ኤደን የሒሳብ መምህርት ናት። ልጆቻቸው አድገው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። አንዲት ያረጀች ደብል ጋቢና ቶዮታ አለቻቸው። ጌጡ መድኃኒት የሚያመጣባት፣ ለአነስተኛ ከተሞችም የሚያደርስባት እሷ ናት፤ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ በጥንቃቄ ነው የሚይዛት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጌጡ የድጓ ተማሪ ነበር። ይህን ከኤደን በቀር በከተማው የሚያውቅ ጥቂት ነው። ገና ልጅ ሳለ አባቱ በድጓ ትምህርቷ ወደምትታወቀው ቤተ ልሔም ወስደው ለየኔታ ወልደ ሩፋኤል ሰጡት። ድምፁ መልካም ነበረ። የኔታ ሌላው ተማሪ ዜማ ሲስት ይቆጣሉ፤ ጌጡ ሲስት ግን ዝም ብለው ይጠብቁታል፤ ራሱ አርሞ ይመለሳልና። ጾመ ድጓውን ዘልቆ፣ ድጓውን እያገባደደ ሳለ፣ አንድ ዓመት ለፋሲካ «ቤተሰቦቼን ጠይቄ ልምጣ፤ ለዳግማይ ትንሣኤ እመለሳለሁ» ብሎ ተሰናብቶ ወጣ። በዚያው አስኳላ ገባ። ያን ሰሞን የኔታ ወደ መንገዱ እያዩ መሰንበታቸውን ኋላ ላይ ከአንድ የትምህርት ባልንጀራው ሰማ። መልእክት ልላክ፣ ራሴ ልሂድ ሲል አንድ ዓመት አለፈ፤ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ መሄዱ ይበልጥ ከበደው። ቤተ ልሔም በመኪና የሩቅ አገር አይደለም። ጌጡ ግን ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ አልረገጣትም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንዲት ሴት መድኃኒት ቤቱ ገባችና ወረቀት ሰጠችው። ርብቃ ትባላለች፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ጌጡ እንደ ልማዱ አንዴ ለራሱ አነበበ። ከላይ የተጻፈውን የበሽተኛ ስም ሲያይ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ መድገሙን ተወው።

«መምህር ወልደ ሩፋኤል… የቤተ ልሔሙ ናቸው?»

«አዎ፣ አጎቴ ናቸው። እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ተኝተው ነበር። አሁን ትንሽ ቀለል ብሏቸው እኔ ቤት አሉ። ያውቋቸዋል?»

«አውቃቸዋለሁ» አለ ጌጡ።

የታዘዙትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ከመደርደሪያው እያወረደ ልባቸው ምን ያህል እንደ ደከመ ተረዳ። ሐኪሙ ለርብቃ ያልነገራትንም ጭምር ከመድኃኒቶቹ ዓይነትና መጠን አነበበው። በማግስቱ ስኳር ይዞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ሊጠይቃቸው ሄደ።

የኔታ ርብቃ ሳሎን ውስጥ በትራስ ተደግፈው ጋደም ብለዋል። ዐይናቸው ፈዟል።

«እንደምን ሰነበቱ፣ የኔታ? ጌጡ ነኝ።»

«ድምፅህን አወቅሁት» አሉ። እጃቸውን ዘረጉለትና ሳማቸው። «ወፈረ እንጂ ያው ነው።»

ጌጡ ወቀሳ ሲጠብቅ ነበር። በመንገዱ ሁሉ መልስ ሲያዘጋጅ ነው የመጣው። የኔታ ግን ስለ ልጆቹ ጠየቁት፤ ስለ ሥራው ጠየቁት፤ አባቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁትና ማረፋቸውን ሲነግራቸው «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ነገር ያነሡት።

«መኪና አለህ አሉኝ።»

«አዎ የኔታ፤ አሮጌ ናት።»

«እኔስ መቼ አዲስ ነኝ?» ፈገግ አሉ። «የደብረ ዘይትን በዓል ቤቴ ልዋል፣ ልጄ። ሚኒባሱ ተጣቦ ተቀምጦ ነው፤ እሱን አልችለውም። አንተ ጋደም አድርገህ ውሰደኝ።»

«እሺ፣ የኔታ» አለ ጌጡ።

እሺ ያለው ከልቡ ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሐሳብ ያዘው። ቤተ ልሔም ሲገባ ታየው፤ የኔታን ደግፎ ከመኪና ሲያወርድ፣ ተማሪው ግር ብሎ ሲወጣ፣ አብረውት የተማሩት፣ ዛሬ እነሱም መሪጌታ የሆኑት፣ «ይሄ ያ ጌጡ አይደለም ወይ?» ሲባባሉ። አንዱ «ድጓውን የት አደረስኸው?» ቢለው ምን ሊመልስ ነው?

በማግስቱ መኪናዋን ለምንይችል ሊያሳያት ወሰዳት። ምንይችል አስኳላ ሲገባ አብሮት አንድ ክፍል የተማረ፣ ኋላ መካኒክ የሆነ ሰው ነው፤ ጋራዡ መናኸሪያው አጠገብ ነው። መንገድ ከመውጣት በፊት መኪና ማሳየት የጌጡ የዘወትር ልማዱ ስለሆነ ማንም አይፈርድበትም። ምንይችል የፊቱን ጎማ በክሪክ አነሣና በእጁ አሽከረከረው፤ ጆሮውንም አስጠጋ።

«የግራው ኩሽኔታ ማጉረምረም ጀምሯል። ትሰማዋለህ?»

ጌጡ ጎንበስ ብሎ ሰማ። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ከውስጡ እንደ ወፍጮ ያለ ቀጭን ድምፅ ይወጣል።

«እሰማለሁ። መለወጥ አለበት?»

«መለወጥማ አለበት። ክረምት ሳይገባ ለውጠው።» ምንይችል ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። «ክፍተት ግን አላበጀም። ገና ነው።»

«ቤተ ልሔም ብወርድበትስ?»

«ደርሰህ ትመለሳለህ። ቁልቁለቱን ቀስ በል እንጂ፣ እኔ ብሆን እሄድበታለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ? የታመመ ሽማግሌ ነው የምይዘው፤ መምህር ወልደ ሩፋኤልን።»

ምንይችል እጁን በጨርቅ ጠረገና ሣቀ። «በመኪናማ እርግጠኛ የሚባል ነገር የለም፣ ጌጡ። አዲሱም መንገድ ላይ ይቀራል።»

ጌጡ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዞ የወጣው የመጨረሻዋን ነበር። በዚያው ዕለት ርብቃ ቤት ሄደ።

«የኔታ፣ መካኒኩ የፊት ጎማዋ ኩሽኔታ መለወጥ አለበት አለኝ። ዕቃው ከባሕር ዳር እስኪመጣ ትንሽ እንታገሥ።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ከምንይችል ቃል ግን ግማሹን ትቶታል።

«መቼም የመንገድ ነገር አይቸኮልም» አሉ የኔታ። «ስትጨርስ ንገረኝ።»

ማታ እራት ላይ ለኤደን ነገራት። ኤደን እጇን ከመሶቡ ሳታነሣ አየችው።

«ምንይችል አትሂድ ብሎሃል?»

«መለወጥ አለበት ብሏል።»

«እሱን መቼ ጠየቅሁህ? አትሂድ ብሎሃል ወይ ነው ያልሁህ። አርብ ገበያ ከተማ መድኃኒት አድርሰህ የመጣኸው ባለፈው ሳምንት ነው፤ በዚችው መኪና።»

«ያኔ ችግሩን አላወቅሁም ነበር። አሁን እያወቅሁ የታመመ ሽማግሌ ይዤ ገደል ልግባ?»

ኤደን መሶቡን ከደነች። ገደል ከተባለ ምን ይመለሳል? ጌጡም ይህን እንደ ስምምነት ቆጠረው።

በሳምንቱ መጨረሻ መድኃኒት ሊያመጣ ደብረ ታቦር ሄደ፤ የሄደውም በዚያችው መኪና ነው። ለራሱ «ይሄ አስፋልት ነው፣ ቁልቁለቱም አያስፈራም» አለ። እዚያም ለሌላ መካኒክ አሳያት። ሰው ሁለተኛ መካኒክ ዘንድ የሚሄደው የመጀመሪያው ጥገና አብዝቶበት፣ ይቀንስልኝ ይሆናል ብሎ ነው። የደብረ ታቦሩ መካኒክ ሁለቱም ኩሽኔታዎች፣ የፍሬኑ ሸራ፣ የመሪው መገጣጠሚያ፣ ሁሉም ይቀየር አለው። ሌላ ቀን ቢሆን ጌጡ «ይሄ ሊበላኝ ነው» ብሎ ጥሎት ይሄድ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው ለይቶ ያውቃል። ያን ቀን ግን ቃሉን ሲሰማ ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው። ለዚህ ቅለት ምክንያቱን ያኔ አልመረመረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ደጋግሞ የሚያነሣው ይህችን ሰዓት ነው።

ኩሽኔታውን ባሕር ዳር ስልክ ደውሎ አዘዘ። «በመጀመሪያው መኪና እንልካለን» አሉት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘጋ። በዚያ ሰሞን መንገድ መዘጋት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰው የሚጠይቀው መቼ እንደሚከፈት ብቻ ነው። ከንፋስ መውጫ ወደ ቤተ ልሔም ያለው ግን ሰላም ነበር፤ የገበያ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ይውላል።

ጌጡ መድኃኒቱን ራሱ እየወሰደ የኔታን ይጠይቃል። በሄደ ቁጥር «ኩሽኔታው አልመጣም፣ የኔታ፤ መንገድ ተዘግቶ ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም «ይሁን» ይሉታል። ቃሉን ለምደውት ነበር። አንድ ቀንማ ገና ሳይቀመጥ «ያ የምትለው ዕቃ ስሙ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁትና ሲነግራቸው «ኩሽኔታ» ብለው እንደ ተማሪ ደገሙት።

ደብረ ዘይት በዚሁ አለፈ። በዓሉ ዕለት ርብቃ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጌጡ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። የኔታ የዕለቱን ዜማ በቀጭን ድምፅ ጀመሩ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቆረጠና አቆሙ። ፊታቸውን ወደ ጌጡ አዙረው ጠበቁ። ጌጡ ቀጣዩን ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ሳይነካው ቆይቶም ጉሮሮው ድረስ መጣ።

«እንዳይደክሙ፣ የኔታ፤ ይረፉ» አላቸው።

ጥቂት ጠበቁ። ከዚያም ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ያረፉት በዚያው ሳምንት ነው። ጠዋት ጌጡ መድኃኒት ቤቱን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ፤ ርብቃ ነበረች። ሲደርስ ካህናትና ጎረቤት ተሰብስቧል። አስከሬናቸው ቤተ ልሔም መውረድ ነበረበት፤ ፍትሐታቸውም ቀብራቸውም እዚያ ነው፣ ይህን የሚከራከር የለም። «በምን መኪና?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንድ ቄስ ወደ ጌጡ ዞሩ። «ያንተ አለች አይደል?»

ከጌጡ አፍ ኩሽኔታ የሚል ቃል አልወጣም። «እሺ፣ አባ» አለ።

ወደ ምንይችል ጋራዥ ነዳና ሳይወርድ በመስኮት አናገረው።

«ምንይችል፣ አስከሬን ይዤ ቤተ ልሔም ልወርድ ነው። ኩሽኔታው አልመጣም። ትወስደኛለች?»

«የማን አስከሬን?»

«የመምህር ወልደ ሩፋኤል።»

ምንይችል ግራ ገባው። «እሳቸውን ያኔውኑ አላደረስኻቸውም እንዴ? ሂድ ብዬህ አልነበር?»

ጌጡ ዐይኑን ወደ መሪው መለሰ። ምንይችልም ፊቱን አይቶ ጥያቄውን አልደገመም። ጎማውን ዳግመኛ አንሥቶ ነቀነቀው። «እንደነበረው ነው። ሂድ» አለው።

ሣጥኑን ከኋላ ጫኑት። ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ሁለት ካህናት ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ርብቃ ከፊት ከጌጡ ጎን ተቀመጠች። አስፋልቱን ለቀው ወደ ጠጠሩ ሲገቡ ኩሽኔታው ያጉረመርም ጀመር። ጌጡ ሌላ ነገር አይሰማም፤ ጆሮው ሁሉ እዚያ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት። ጎማው ቢይዝ፣ መኪናዋ እዚሁ ብትቆም፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ሣጥኑን በትከሻ ቢያደርሰው ብሎ ተመኘ። ያኔ ትክክል ነበርሁ ማለት ነው። መኪናዋ ግን ቁልቁለቱን ወረደች፤ ድንጋያማውን አለፈች፤ የውሃ መውረጃውን ተሻገረች። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንገዳገደችም።

ርብቃ ማጽናናቷ መስሏት እንዲህ አለችው።

«ሌላ መኪና አግኝቼላቸው ነበር። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ዘመድ መኪና አለው፣ በነጻ አደርሳቸዋለሁ ብሎ ነበር። እምቢ አሉኝ።»

«ለምን?»

«‹ጌጡ መኪናውን እያሠራልኝ ነው፤ በሌላ ሰው ብሄድ ልጁን ማሳፈር ነው› አሉ።»

ጌጡ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን እያየ ነዳ። ርብቃም ልቅሶው የመጣበት መስሏት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ቤተ ልሔም ሲደርሱ ተማሪው ሁሉ አፋፉ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ሣጥኑ ወረደ፤ ዜማው ተጀመረ። ጌጡ ከመኪናው በር አጠገብ ቆሞ ሰማ። ቀጣዩን፣ የቀጣዩንም ቀጣይ ያውቃል፤ የት ላይ እንደሚነሣ፣ የት ላይ እንደሚወድቅ ያውቃል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። የፈራው ነገር አንዱም አልደረሰበትም። የጠየቀው የለም፤ የለየውም የለም። አብረውት የተማሩት አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ ሌሎቹ ወደ ሩቅ አገር ተበትነዋል። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ በእጃቸው ዐይናቸውን ከልለው ሲያዩት ቆዩና አጠገባቸው ያለውን ዲያቆን «ይሄ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማ።

«ባለ መኪናው ነው፣ አባቴ» አላቸው ዲያቆኑ።

መሪጌታው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ዜማቸው ተመለሱ።

መንገዱ ሲከፈት ኩሽኔታው መጣ። ምንይችል አሮጌውን አውጥቶ በመዳፉ ላይ አገላብጦ አሳየው። መበላት ጀምሯል፤ ክረምቱን አይዘልቅም ነበር። «መለወጡ ደግ ሆነ» አለ ምንይችል። ጌጡ ያን ጊዜ እውነቱ ጠርቶ ታየው። ጥገናው አስፈላጊ ነበር፤ ማንም አላታለለውም፤ መኪናዋም አልዋሸችም። ምንይችል ከመጀመሪያው ሁሉን በቦታው ነግሮታል፤ ምን እንደ ተበላሸ፣ እስከ መቼ እንደሚያቆይ፣ የት እንደሚያደርስ። ጌጡ ለበሽተኛ ሁለቴ የሚያነብ ሰው ነው። ለየኔታ ግን እኩሌታውን ብቻ አነበበላቸው።

የየኔታ አርባ የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ጌጡና ኤደን ወረዱ። ድግሱ ላይ የደብሩ አለቃ ቆመው ሲናገሩ ስለ እሱ አነሡ። «መንገድ በተዘጋበት፣ ሰው ለገዛ ዘመዱ በሚሰስትበት ዘመን መምህራችንን ከደጃቸው ያደረሰልን ይህ ሰው ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ መረቀው። ጌጡ ሊናገር ከመቀመጫው ተነሣ። ለምስጋና የተነሣ መሰላቸውና ዝም ብለው ጠበቁት። ፊታቸውን አየ፤ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። ኤደን ጉልበቱ ላይ እጇን አደረገች። እሷ ከቀብሩ ማግስት ጌጡ ራሱ ስለነገራት ሁሉን ታውቃለች። «ነግሬህ ነበር» አላለችውም፤ ጌጡ ግን «ብትለኝ ይሻል ነበር» ይላል።

ከዚያ ሲመለሱ ርብቃ ቤት ብቻውን ሄደ። የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ርብቃ፣ መካኒኩ ያኔ አትሂድ አላለኝም ነበር። ደርሰህ ትመለሳለህ ነው ያለኝ። እኔ ነኝ የቀረሁት። ቤተ ልሔም መሄድ ፈርቼ ነው።»

ርብቃ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ያን ሰሞን ደብረ ታቦር ደርሰህ መምጣትህን ሰምቼ ነበር» አለች። «እኔም ጠርጥሬ ነበር። ለእሳቸው ግን አልነገርኋቸውም። ሲመጣ ይወስደኛል እያሉ ደስ ይላቸው ነበር፤ እሱን እንዴት ላጥፋባቸው?»

«ይቅር በይኝ።»

«እኔን አይደለም የበደልኸው» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ደክሟታል። «እሳቸው ደግሞ ይቅር የሚሉት ሰው ሳይጠይቃቸው ነበር። አንተ አላወቅህበትም እንጂ።»

ጌጡ ወጥቶ ሄደ። ርብቃ ዛሬም መድኃኒት ስትፈልግ እሱ ዘንድ ትመጣለች፤ ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ይጠይቃታል። ለቤተ ልሔም በዓል ስትወርድ ግን ገበያተኛው መሐል ተጣብባ በሚኒባስ ትሄዳለች። ጌጡ አንድ ሁለቴ «ላድርስሽ» ብሏት ነበር። «አይ፣ አትድከም» ትለዋለች።